የግመሎች መተላለፊያ፦ የባዕድ ጋዜጦች የአስተያየት ገጽና የአገራችን ስም

(ለጋዜጠኝነትና ለውጭ ግንኙነት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? ከትምህርትና ከሥራ መልስ ደክሟችሁ ሳለ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። ለሰው ስም እውነት ሊሆን ይችላል። የአገርን ስም በባዕድ ምድር የሚያወጣው ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የማተሚያ ሰዓት እየተጣደፈበት፣ ብዙ ጊዜም ያችን አገር በዓይኑ ሳያያት የሚጽፍ ሰው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሰውና ስለሚጽፍበት ገጽ ነው።

ከአንድ ጽሑፍ ልነሣ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ለንደን ላይ የወጣው ዘ ታይምስ ጋዜጣ «የግመሎች መተላለፊያ» የሚል ርዕሰ አንቀጽ ይዞ ነበር። ጣሊያን አገራችንን ከወረረ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሆኖታል። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ በዝግ ተገናኝተው፣ ጦርነቱን በድርድር እናስቁም ብለው አንድ ዕቅድ አውጥተዋል። በዕቅዱ መሠረት ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን ይሰጣል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ለጣሊያን ሰፋሪና ለጣሊያን ንግድ የሚከለል ትልቅ ግዛት አለ። ኢትዮጵያ በለውጡ ወደ አሰብ የምትወጣበት አንድ ቀጭን መሬት ታገኛለች። ወሬው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አፈትልኮ በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። ቀጥሎም በዚያች ቀጭን መሬት ላይ ኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ እንዳትዘረጋ ሊከለከል መታሰቡ ተሰማ። ዘ ታይምስ ለመንግሥት ቅርብ የሆነ፣ በባሕርዩም ጠንቃቃ ጋዜጣ ነው። ይህን ሲሰማ ግን አልቻለም፤ ሐዲድ የማይዘረጋበት የባሕር በር የግመሎች መተላለፊያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው ሲል ጻፈ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሆር ከሥልጣኑ ወረደ። በምትኩ አንተኒ ኢደን ተሾመ። ላቫልም በሚቀጥለው ወር መንበሩን ለቀቀ።

ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ርዕሰ አንቀጽ ብቻ ነው አልልም። በዚያው ዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን በፈቃዳቸው ድምፅ ሰጥተው የመንግሥታቱን ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስን) እንደግፋለን ብለው ነበር፤ በዚያ ሳምንትም ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ እንደ ዝናብ ወርዷል። ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ጋዜጣው ለቁጣው ቃል ሰጠው። ትግራይንና ኦጋዴንን በካርታ ላይ አግኝ ቢባል የሚቸገር አንባቢ ግመልን ያውቃል። ሚኒስትሩ ማታ ራት ላይ በምን ቃል እንደሚሰደብ ያ ርዕስ ወሰነለት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ጽሑፍ ለእኛ የቆመ ነበር፤ ሆኖም ዋና ነገሩ እኛ አልነበርንም። ጸሐፊው የተነጋገረው ከእንግሊዝ ሕዝብ ጋር ነው፤ የጠየቀውም «የእኛ መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ወይ?» ብሎ ነው። ኢትዮጵያ የጨዋታው ምክንያት ነበረች። ለዓመታት የውጭ ጋዜጦችን ሳነብ የቆየሁት እኔ፣ ዛሬ ለእናንተ ላካፍል የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የባዕድ ጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ስለ እኛ ሲጽፍ እንኳ የሚነጋገረው ከራሱ ሰዎች ጋር ነው። ቢያመሰግነንም ቢወቅሰንም እዚያው በቤታቸው ለያዙት ክርክር ማስረጃ አድርጎን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ሲመሰገን ይኮራል፣ ሲወቀስ ይቆጣል፤ በሁለቱም ጊዜ መልስ መስጠት ይሳነዋል።

ምስጋናው ምን ያህል እንደሚዘልቅ ደግሞ እናውቃለን። ሆር ወረደ እንጂ ለጣሊያን የሚሄደው ነዳጅ አልተቋረጠም፤ ለእኛም ጠመንጃ አልመጣም። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ራሱ ተነሣ። ያው ጋዜጣ፣ በዚያው ዋና አዘጋጅ በጄፍሪ ዳውሰን እጅ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 1938 ሌላ ርዕሰ አንቀጽ አወጣ፤ ቼኮዝሎቫኪያ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩበትን የዳር ግዛቷን ለቅቃ ብትሰጥ ይሻላት እንደሆን ታስብበት አለ። የእንግሊዝ መንግሥት የእኔ ሐሳብ አይደለም ብሎ ቢያስተባብልም ዘ ታይምስ የመንግሥቱ ድምፅ ነው ብሎ የሚያምነው አውሮፓ አልሰማውም። ወሩ ሳይወጣ ሙኒክ ላይ ያ ግዛት ለሂትለር ተሰጠ። የእኛን ባሕር በር በአንድ ቃል ያስከበረው ገጽ የሌላውን ትንሽ አገር ድንበር በጥቂት መስመር አሳልፎ ሰጠ።

አሁን ስለ ገጹ ራሱ ጥቂት ልበል፤ እዚህ አገር የሚፈጠረው ስሕተት ብዙው ከዚህ ስለሚነሣ።

በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ውስጥ ሦስት ዓይነት የአስተያየት ጽሑፍ አለ። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ነው፤ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ስም የለበትም። ዓምደኛ የሚባለው ደመወዝ እየተከፈለው በየሳምንቱ የራሱን ሐሳብ የሚጽፍ ነው። ሦስተኛው እንግዳ ጸሐፊ ነው፤ ከውጭ ጽሑፉን ልኮ አርታኢው የተቀበለው ሰው። ይህን የእንግዶች ገጽ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1970 ሲጀምር ከርዕሰ አንቀጹ ገጽ ትይዩ ስለነበር ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ኦፕ-ኤድ አሉት። በ2021 ያን ስም ትተው የእንግዳ ጽሑፍ ማለት ጀምረዋል፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ትይዩ ገጽ የሚባል ነገር ስለሌለ። የዜናው ክፍልና የአስተያየቱ ክፍል አለቆቻቸው እንኳ የተለያዩ ናቸው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? አንድ የውጭ ተመራማሪ በስሙ የጻፈውን አንድ ገጽ ተርጉመን «ኒውዮርክ ታይምስ ኢትዮጵያን ወቀሰ» እንላለን። በማግሥቱ ሌላ እንግዳ ተቃራኒውን ሲጽፍ «ኒውዮርክ ታይምስ እውነቱን መሰከረ» እንላለን። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጋዜጣው አልወቀሰም፣ አልመሰከረምም፤ ለሁለት እንግዶች ወንበር ሰጠ። ይህ ጥቃቅን የቋንቋ ስሕተት አይምሰላችሁ። የሚያስከትለው ትልቅ ነው፤ የሚቆጣው ባለሥልጣን የሚቆጣው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው፣ የሚጽፈውም የተቃውሞ ደብዳቤ ለተሳሳተ ሰው ይሄዳል። እባካችሁ፣ ነገ በየማሰራጫው የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ ስትተረጉሙ የጸሐፊውን ስምና ማንነት አስቀድሙ።

ደግሞ ወንበሩ ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2013 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን አሜሪካ ሶሪያን እንዳትደበድብ የሚያሳስብ ጽሑፍ በኒውዮርክ ታይምስ አወጡ፤ ጽሑፉን ለጋዜጣው ያቀረበው ኬቸም የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ኩባንያ ነበር። ብዙ መንግሥታት እንዲህ ያሉ ኩባንያዎችን ይቀጥራሉ። ኩባንያው ይጽፋል፣ ሚኒስትሩ ወይም አምባሳደሩ ይፈርማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ወኪል ሁሉ ተመዝግቦ ውሉንና ክፍያውን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንኛችሁም ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ መንግሥት ለስሙ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ በየትኛው ወር ለየትኛው ጋዜጣ ስልክ እንዳስደወለ እዚያ ይገኛል። ለምርምር ጽሑፋችሁ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ እነሆ ሰጠኋችሁ።

በሌላ ወገን ብቻውን የሚጽፍ ሰው አለ። ሳዑዲው ጀማል ኻሾግጂ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዋሽንግተን ፖስት የአስተያየት ገጽ ላይ ስለ አገሩ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የአገሩ ቆንስላ ገብቶ ተገደለ። መንግሥታት ይህን ገጽ ምን ያህል እንደሚፈሩት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ያማል፤ ግን መባል አለበት።

በ1914 ዓ.ም. ዌስትሚንስተር ጋዜት የሚባል የለንደን ጋዜጣ በኢትዮጵያ ስላለው የባሪያ ንግድና የባሪያ ይዞታ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ጽሑፎቹ ብዙ አስቆጡ፣ ብዙ አነጋገሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አገሪቱን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ለማድረግ ሲጥሩ በየስብሰባው የሚጋረጥባቸው ጥያቄ ይህ ነበር። በመስከረም 1916 ዓ.ም. አባልነቱ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጣሊያን ለማኅበሩ ወፍራም የክስ መዝገብ አቀረበች፤ ከፎቶግራፍ ጋር፣ የአውሮፓ ጸሐፍትን ቃል እየጠቀሰች። ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች፣ ባሪያ ፈንጋይ አገር ስለሆነች የአባልነት መብት አይገባትም የሚል ነበር። በመርዝ ጋዝ ሊመጡብን የተዘጋጁ ሰዎች ነፃ አውጪ ሆነው ቀረቡ።

የሙሶሊኒን ግብዝነት መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነቅፈነዋልም። እኔን ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። የጋዜጣው ጽሑፍ ያጋነነውና ያጣመመው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዋናው ነገር ግን ሐሰት አልነበረም። ባርነት ነበረ። ሰው ከቤቱ እየተፈነገለ ይሸጥ ነበር። ሕጉ ጨርሶ የሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በገዛ አገሩ በገዛ ቋንቋው በደሉን የሚጽፍለት ገጽ አልነበረውም። ስለዚህ በደሉ በለንደን ተጻፈ፣ ለለንደን ሰዎች ተጻፈ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሮም አንሥታ ተጠቀመችበት። በአገር ውስጥ ያልተጻፈ ሕመም ባዕድ አገር ሄዶ እንደሚጻፍ፣ እዚያም ባለቤቱ ሌላ እንደሚሆን ከዚህ ተማርኩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመናገር ሲቆሙ ከላይ ከጋዜጠኞች መቀመጫ ፉጨትና ስድብ ወረደባቸው። ያፏጩት የጣሊያን ጋዜጠኞች ነበሩ። ፖሊስ እስኪያስወጣቸው ድረስ ጃንሆይ ጸጥ ብለው ጠበቁ። ብዕር የያዘ ሰው ብዕሩን ትቶ የሚያፏጭበት ጊዜ አለ፤ የዚያን ጊዜ የሚጽፍ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እኛም አላጣንም ነበር።

እንግሊዛዊቷን ሲልቪያ ፓንክረስትን ታውቃላችሁ፤ መቃብሯ እዚሁ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም የወጣበት ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ቀን። ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ጃንሆይ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዛሬም የአርበኞችን ቀን እናከብርበታለን። በነዚያ ዓመታት መካከል ሌሎቹ ጋዜጦች ስለ ስፔን፣ ስለ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ቀጥሎም ስለ ዓለም ጦርነቱ ሲጽፉ፣ የኢትዮጵያን ነገር ያለቀ ጉዳይ ብለው ሲተዉት፣ ይህች ሴት በየሳምንቱ አተመች። በአሜሪካ ደግሞ የጥቁር ሕዝብ ጋዜጦች ነበሩ። ፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጠኛውን ጆኤል ሮጀርስን ጦር ሜዳውን እንዲያይ እስከዚህ ላከው። ሐኪሙ መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁሞ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ አወጣ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው፤ የጥቁር አሜሪካዊውን ሕመም ስለሚያውቅ የእኛን ጉዳይ ከዚያ ሕመም ጋር አያይዞ ተናገረ። ቅድም የነገርኳችሁ ነገር ማለት ይህ ነው፤ በእነሱ ቤት በተያዘው ጨዋታ መካከል ገብቶ ተነጋገረ። በ1932 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ አረፈ፤ ነፃነቱን አላየም። ስሙን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ብል ጥቂት እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ እንደሚገባው አላስተማርናችሁም።

ስለ ረኃቡ ብዙ ተብሏልና አላረዝምም። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የተናገሩት የውጭ ሰዎች አልነበሩም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ተመልሰው ለእይታ አቀረቡ። መንግሥት ዝም ማሰኘትን መረጠ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያን ረኃብ በቴሌቪዥን አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የየጋዜጣው መወያያ ሆነ። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ያንኑ ፊልም ለሕዝብ አሳይቶ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ራሱ ደርግ የአብዮቱን በዓል ሲያከብር ረኃቡን ደበቀ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ዓለምን አናወጠ። እነዚያ ምስሎች ስንት ነፍስ አድነዋል፤ ክብር ይግባቸው። ዘገባው ግን አንድ ሰሞን ነው። ከዘገባው በኋላ ለዓመታት የቀጠለው የአስተያየት ጽሑፍ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ከ«ረኃብ» ጋር አጣብቆ የሰጠን፣ የተጻፈው እኛ በሌለንበት ነው። መናገር የሚችሉት ሰዎች አፋቸው ተይዞ ነበርና።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላንሣ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የውጭ ጋዜጦችን ለአለቆች የመተርጎም ሥራ ነበረኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ እገባለሁ፤ ጋዜጦቹን አነብባለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ዋና ዋናውን በአማርኛ አሳጥሬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በአንድ የአውሮፓ ጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ላይ ስለ አንድ የአገራችን ክፍል ግልጽ ስሕተት ያለበት ጽሑፍ አገኘሁ። ጸሐፊው ሁለት ወረዳዎችን አምታትቶ፣ በአንደኛው የሆነውን ለሌላው ሰጥቷል። መልሱ ቀላል ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ አቀረብኩ፤ ስሕተቱን አሳይቼ፣ ጸሐፊው ትክክል የሆነበትንም አንድ ነጥብ አምኜ። ጽሑፉ ወደ ላይ ወጣ። እያንዳንዱ አለቃ አንድ አንቀጽ ጨመረበት። ያመንኳት ነጥብ ተሠረዘች። በምትኩ ሦስት ሺህ ዘመን የቆየ ታሪክ ገባ፣ ስለ ቅኝ ገዢዎች አንድ ገጽ ገባ። ዘጠኝ ገጽ ሆኖ በሃያ ስድስተኛው ቀን ተላከ። አልታተመም። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ነገሩን ከረሱት ቆዩ» አለኝ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያን ጊዜ ጠላሁት። በዚህ ሥራ ዝምታ ይነቅዛል፤ የዘገየ መልስም ከዝምታ አይሻልም።

በዓባይ ጉዳይ ይህ በደንብ ታይቷል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ድርድሩ በተካረረበት ጊዜ የግብፅ ሚኒስትሮችና አምባሳደሮች በአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ በየጊዜው ይጽፉ ነበር። ቃላቸው አንድ ነበር፤ «የህልውና ጉዳይ» የሚል። በበረሃ መካከል አንድ ወንዝ ብቻ ያለው ሕዝብ ምስል ነው፤ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። የእኛ ሰዎችም ጽፈዋል፤ ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ነበሩ። ብዙዎቹ ግን የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ከ1929ኙና ከ1959ኙ የዓባይ ውኃ ስምምነት ነው። 55 ነጥብ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18 ነጥብ 5 ለሱዳን፣ ውኃውን አብላጫ ለምታመነጨው ኢትዮጵያ ምንም። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ፍትሕም ከእኛ ጋር ነበረች ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በኦሃዮ ቁርሱን እየበላ የሚያነብ ሰው ቁጥሩን ሲቆጥር ገጹን ይገለብጠዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የያኔው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በአደባባይ ሲናገሩ የየትኛው ወገን ምስል ከፍ ወዳለው ጆሮ እንደደረሰ ግልጽ ነበር። ያም ሆኖ ግድቡ ተሠርቶ አለቀ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን 4 ቀን ተመረቀ። ውኃ የሞላው በጋዜጣ ጽሑፍ አይደለም። ለዚያ ግድብ ግን በዲፕሎማሲ የከፈልነው ዋጋ ሊቀንስ ይችል ነበር።

ስለ ሰሜኑ ጦርነት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ ቁስሉ አልደረቀምና። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የውጭ የአስተያየት ገጾች ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት የተስፋ ታሪክ ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱም በዚያ መካከል መጣ። ከዚያ ወር በኋላ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ለወራት ስልክና ኢንተርኔት በትግራይ ተቋርጦ፣ ጋዜጠኛ እንደልቡ መግባት ተከልክሎ ሳለ፣ በየዋና ከተማው ያሉ ጸሐፍት ከሩቅ ጻፉ። የተሳሳቱበት አለ። በደሉ ግን እውነት ነበር፤ ሰላማዊ ሰው ተገድሏል፣ ሴቶች ተደፍረዋል፣ በትግራይም በአማራም በአፋርም። በዋሽንግተንና በለንደን አደባባይ የወጡት ወገኖቻችን በሁለት ረድፍ ቆመው «ጋዜጣው የእናንተን ወገን ያዘ» ሲባባሉ ሳይ አንድ ነገር ቆጨኝ። አንዱም ወገን የሌላውን ሟች ስም ጠርቶ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያው ባዕድ ገጽ ላይ፣ በዓለም ፊት፣ እንዴት ያለ የተለየ አገር በታየ ነበር!

አሁን ደግሞ ወደ ሥራው እንግባ። ለውጭ ጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ፍጥነት ነው። አንድ ነገር በሆነ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ጽሑፉ አርታኢው ጋ መድረስ አለበት። ርዝመቱ ከ700 እስከ 1,000 ቃል ገደማ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን አርታኢው አይጨርሰውም። አንድ ጽሑፍ ለሁለት ጋዜጣ በአንድ ጊዜ አትላኩ፤ ቢደርሱባችሁ ሁለተኛ አያምኗችሁም። ርዕሱን የሚያወጡት እነሱ ስለሆኑ በርዕሱ አትቆጡ፤ የተሳሳተ ከሆነ በትሕትና ጻፉላቸው፣ ያስተካክላሉ። ማን እንደሆናችሁና ጥቅማችሁ ምን እንደሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ለመንግሥት የምትሠሩ ከሆነ ለመንግሥት እሠራለሁ በሉ። ሌላ ሰው የጻፈላችሁን አትፈርሙ፤ ይህን እንደ ልጆቼ ነው የምለምናችሁ።

የምታምኑትን ጥፋት አስቀድማችሁ እመኑ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አለቃ አይወደውም፣ ወዳጅ ከዳተኛ ይላል። አርታኢው ግን በየቀኑ «አገሬ ንጹሕ ናት» የሚሉ ስንት ጽሑፎች ይቀበላል፤ «ይህኛው እውነት ነው፣ ያኛው ግን እንዲህ አይደለም» የሚለው ሰው ሲመጣ ቆም ብሎ ያነባል። አጭር ደብዳቤ ለአዘጋጁ መጻፍንም አትናቁ። ሙሉ ጽሑፋችሁን የማይቀበል ጋዜጣ አንድ ስሕተት የምታርም 150 ቃል ደብዳቤ ሊያወጣ ይችላል፤ ያችም ከጽሑፉ ጋር በማኅደር ትቀመጣለች፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ያገኛል።

እዚሁም ጻፉ። አዲስ ፎርቹንንና ዘ ሪፖርተርን በየኤምባሲው ያነቧቸዋል፤ የውጭ ዘጋቢዎች ከነሱ ይነሣሉ። በአማርኛው ሪፖርተር «ልናገር» የሚለው ዓምድ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ተተርጉሞ ስንት ቦታ እንደሚደርስ አይቻለሁ። በአገር ውስጥ በድፍረት የሚከራከር ሕዝብ መሆናችን ሲታይ የውጭው ጸሐፊ ራሱ የሚጠቅሰው ሰው ያገኛል፤ ካላገኘ ሌላውን የውጭ ጸሐፊ ይጠቅሳል፤ ያም ሌላውን።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልጨርስ ብዬ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለንባብ ሳዘጋጅ ግን ከንግግሩ በኋላ የሆነውን መጨመር ወደድኩ።

አዳራሹ ሲበተን አንዲት ተማሪ ቀረበችኝ። ስለ ሕዳሴው ግድብ የጻፈችውን ጽሑፍ ሦስት የውጭ ጋዜጦች አልቀበልም ብለዋታል። «ጋሼ፣ ያዩልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ቆመን አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት አንቀጾች ስለ ስምምነቶቹ ነበሩ፤ ዓመተ ምሕረቱ፣ አንቀጹ፣ የውኃው መጠን፤ አንድም ስሕተት የለበትም። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ በገጠር ከአክስቷ ጋር ስትኖር በኩራዝ ስታጠና የክፍል ደብተሯ ጥግ በጭስ እየጠቆረ፣ ጠዋት መምህሯ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ እንደሚቆጣት ጽፋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሜጋ ዋት ትመለሳለች።

«ከዚህ ጀምሪው» አልኳት፣ ጣቴን አምስተኛው አንቀጽ ላይ አድርጌ።

«እሱማ የግሌ ነገር ነው ብዬ ላወጣው ነበር» አለችኝ።

ደብተሩ አሁንም ይኖር እንደሆን ጠየቅኋት። እናቷ ቤት አለ አለች። እስክሪብቶዋን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ወረቀቱን አስደግፋ በመጀመሪያዎቹ አራት አንቀጾች ላይ ቀስ ብላ መስመር ሳበችባቸው።